ሰፌድ፣ ሉህና የፊደል ገበታ

በአሰላና በዙሪያዋ ባለው የአርሲ ደጋ ያደገ የእኔ ዕድሜ ሰው ቁጥርን የጀመረው ሰፌድ ላይ ነው። ባቄላና አተር ተደባልቆ ከአውድማ ሲገባ አያት ሰፌዱን ጭናቸው ላይ አድርገው ያበጥራሉ፤ አራት ዓመት የሞላው ልጅ ከአጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ ባቄላውን ወደ አንድ ጥግ፣ አተሩን ወደ ሌላ ጥግ፣ ጠጠሩን ወደ ውጭ ይለቅማል። ባቄላና አተር ለትንሽ ልጅ ነው። እንክርዳድን ከስንዴ፣ ሲናርን ከገብስ መለየት ግን ዓይኑም ጣቱም የሰላ ልጅ ይፈልጋል፤ እሱ የሚሰጠው ስድስት ሰባት ዓመት ሲሞላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ማንም በወረቀት አላሰፈረውም። ግን ነበረ፤ ከቤት ቤትም ብዙ አይለያይም ነበር።

አሰላ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነበርኩ። አሁን ጡረታ ወጥቼ አምስት ዓመት የሆነውን የልጅ ልጄን ቤት አስተምራለሁ፤ እናቱ ሥራ ስትገባ እኔ ጋ ይውላል። ወጣት ወላጆች ልጃቸውን ቤት ውስጥ በምን እንደሚያስተምሩ ሲጨነቁ፣ ከውጭ የመጣ መጫወቻ ካልገዙ ልጁ ከእኩዮቹ የሚቀር ሲመስላቸው አያለሁ። ይህን የምጽፈው በተለይ ለእነሱ ነው። የአርሲ ቤት ልጅን በእጁ የሚያስተምርበት የራሱ መንገድ ነበረው፤ መንገዱም ታሪክ አለው።

የአባቴን እናት «አኮ» እንላቸው ነበር። ቤታቸው ከአሰላ ወጣ ብሎ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ነው። በዚያ አገር ለልጅ በመጀመሪያ የሚሰጠው ኃላፊነት ጥጃ ነው። አምስት ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ከደጅ ሳይርቅ ጥጆቹን ይጠብቃል፤ ማታ ላሞቹ ሲገቡ ከመታለባቸው በፊት ጥጃው እንዳይጠባ ይዞ ያቆያል። ጠና ሲል በግ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ከብት። አኮ ከብት በቁጥር መጥራት አይወዱም ነበር፤ «ስንት ናቸው?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ደስ አይላቸውም። ስለዚህ እኛ ልጆቹ በረቱ በር ላይ ቆመን የምናደርገው ቆጠራ ሌላ ነው። በመልካቸው እንጠራቸዋለን። ዳለቻዋ ገባች፣ ጉራቻው ገባ፣ ቡሬዋ ገባች፤ ቦራዋስ? ቦራዋ የለችም! ወዲያው አንዱ ሮጦ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ለእያንዳንዷ ላም አንድ ስም አለ፤ ያለ ላም የሚቀር ስም የለም፣ ያለ ስምም የሚቀር ላም የለም። ኋላ በመምህርነት ሥልጠና ላይ ልጅ ቁጥር ከመጥራቱ በፊት አንዱን ነገር ለአንዱ ነገር ማዛመድ መቻል አለበት ሲሉን፣ ይህን የበረት በር ላይ ጥሪ ነበር ያሰብኩት። አኮ ያንን የሚያስተምሩት ላም እንዳይጠፋ ብለው ነው። እኔ ግን ከዚያ የተሻለ የሂሳብ መጀመሪያ እስከ ዛሬ አላየሁም፤ ምክንያቱም ልጁ ቢሳሳት አንዲት ላም ጅብ ይበላታል። ስሌቱ እውነተኛ ነበር።

የወተት ዕቃውም እንዲሁ። ላም የሚታለብበት ኦኮሌ፣ የአርሲ ሴቶች በእጃቸው እየሰፉ የሚሠሩት ጪቾ፣ ትንንሾቹ የልጅ መጠጫዎች፤ ሁሉም ታጥበው በወይራ ጭስ ይታጠናሉ። ታጥነው ሲያበቁ መደርደር የልጅ ሥራ ነው። ትልቁ ከግድግዳው ሥር፣ ቀጥሎ መካከለኛው፣ ቀጥሎ ትንሹ። ክዳኑን ከየዕቃው መግጠምም የእሱ ነው፤ የማይገጥመውን ክዳን በጉልበት የሚጭን ልጅ አኮ እጁን ይዘው «ዓይንህ ይለካ» ይሉታል። ጩኮ ሲሠራ ደግሞ ገብሱ ሲቆላ መልኩ መቼ እንደተለወጠ፣ ሽታው መቼ እንደደረሰ ልጁ ይጠየቃል። ዱቄቱ በቅቤ ሲታሽ እሱም ትንሽ ይቆረስለታል፤ ያድቦለቡላል፣ ከዚያ ቤት ላለው ሰው ሁሉ ያካፍላል። አንድ ሰው ሳይደርሰው የቀረ እንደሆነ ከራሱ ድርሻ ቆርሶ መስጠት ግዴታው ነው። ማካፈልን እንደዚያ የተማረ ልጅ አራተኛ ክፍል ደርሶ ሲካፈል የሚባለውን ምልክት ሲያይ አዲስ ነገር አይሆንበትም።

ይህ ሁሉ በቤት ያለቀበት አንዱ ምክንያት የትምህርት ቤት ሩቅነት ነው። በ1965 ዓ.ም. አሰላ አጠገብ የተወለደው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ደብተሩን በግራ ክንዱ አቅፎ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይሄድ፣ 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይመለስ እንደነበር ዓለም ያውቃል። ሰው ይህን ታሪክ የሚያነሳው ስለ ሩጫው ነው። እኔ የማስበው ስለ ታናናሾቹ ነው። ያን መንገድ የአራት ወይም የአምስት ዓመት ልጅ አይሄደውም፤ እግሩ እስኪጠና ቤት ይቆያል። በአርሲ ገጠር ስምንትና ዘጠኝ ዓመት ሞልቶት አንደኛ ክፍል የሚገባ ልጅ ብርቅ አልነበረም። እነዚያ የቤት ዓመታት ታዲያ የባከኑ ተደርገው ሲቆጠሩ ያመኛል። አልባከኑም።

የእናቴ እናት ከሸዋ የመጡ ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ፊደል ይዘው ነው የመጡት። ያ የፊደል ገበታ ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ እያሳተሙ በአገሩ ሁሉ ያዳረሱት ነው፤ ከዚያ በፊት የኔታ በእጃቸው ይጽፉት የነበረውን ማተሚያ ቤታቸው ለየቤቱ አደረሰው። 33 ፊደል በ7 ዓይነት ድምፅ፣ በጠቅላላው 231። ቄስ ትምህርት ቤት ልጁ ስንደዶ ይዞ እያንዳንዱን ፊደል እየነካ ይጠራል። ጥቂት ሳምንት ሲቆይ ጆሮው ይቀድመዋል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ሀ ሁ ሂን ይወርደዋል፣ ስንደዶው ግን ሌላ ቦታ ነው ያለው። የጥንት መምህራን ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። ለዚህ ነው አቡጊዳን ያበጁት፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እያለ በሰያፍ የሚሄድ፣ ልጁ በዜማ ብቻ እንዳያመልጥ ዓይኑን ወደ ፊደሉ መልክ የሚመልስ። ይህን ዘዴ ባሰብኩት ቁጥር የሚያኮራኝ ነው። ስሙ የማይታወቅ አንድ መምህር፣ ልጅ በቃል ይዞ አነበብኩ ሊል እንደሚችል አስተውሎ፣ መፍትሔውን እዚያው ገበታው ላይ አኖረው።

አያቴ ቤት ውስጥ የጨመሩበት ደግሞ አመድ ነው። ከምድጃው ዳር የቀዘቀዘ አመድ በሰፊ ጣባ ላይ ይዘረጋሉ፤ ልጁ በጣቱ ይጽፍበታል፤ ከተበላሸ ጣባውን ነቅነቅ ማድረግ ነው። ወረቀት አይባክንም፣ ልጁም ስህተቱ ተጽፎ ሲያየው አይውልም። ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንዞ በሚባለው የድሆች ሰፈር የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤቷን ስትከፍት፣ ልጆቹ ከብርጭቆ ወረቀት የተቆረጡ ፊደላትን በጣታቸው እየዳሰሱ እንዲማሩ አደረገች። ከጽሕፈት በፊት ጣት የፊደሉን መንገድ ማወቅ አለበት ብላ ነው። አያቴ ስሟን ሰምተው አያውቁም። በሥልጠና ላይ ያንን ሥዕል ሲያሳዩን ግን የአያቴ ጣባ ነበር የታየኝ።

ጎረቤቶቻችን ሙስሊሞች ነበሩ፤ በአርሲ አብዛኛው ሰው ሙስሊም ነው። የእነሱ ልጆች ሉህ ይዘው ወደ ቁርአን ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። ሉህ የእንጨት ሰሌዳ ነው፤ ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለም፣ ከሸምበቆ በተቀረጸ ብዕር ይጻፍበታል። ልጁ የተጻፈውን በቃሉ ሲይዝ ሰሌዳው ይታጠባል፣ ሌላ ይጻፍበታል። ቀለሙን መበጥበጥ፣ ብዕሩን መቅረጽ፣ ሰሌዳውን አጥቦ ፀሐይ ላይ ማድረቅ የተማሪው ሥራ ነው። ማለት የምፈልገው፣ የመማሪያ መሣሪያውን ልጁ ራሱ ይሠራዋል። የእኛዎቹም ስንደዶውን ራሳቸው ነቅለው ነው የሚሄዱት። ዛሬ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ከሱቅ ሲመጣ ይህ ክፍል ጠፍቷል፤ እኔ ከሁሉም በላይ የምቆጨው ለዚህ ነው።

ወደ ጨዋታው ልሂድ። ማርሴል ግሪዮል የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1935 ስለ ኢትዮጵያ ጨዋታዎች አንድ መጽሐፍ አሳትሟል። ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 ከየአገሩ የሰበሰቧቸውን የገበጣ ዓይነቶች ጽፈዋል። ሁለቱም ምሁራን ጨዋታን የአገር ታሪክ አድርገው መመዝገባቸው ትልቅ ውለታ ነው፤ ያለበለዚያ ሕፃናት የሚጫወቱትን ማን ይጽፋል?

ገበጣን አሰላ ውስጥ የምንጫወተው መሬት ቆፍረን ነው። ስድስት ጉድጓድ በዚህ ወገን፣ ስድስት በዚያ ወገን፣ በየጉድጓዱ አራት አራት ፍሬ፤ በጠቅላላው 48። ጠጠር ወይም ባቄላ ይሆናል። ከአንዱ ጉድጓድ ሁሉንም ታፍስና አንድ አንድ እያልክ በተከታዮቹ ትዘራለህ። የአራት ዓመት ልጅ ጨዋታውን አያሸንፍም፤ መዝራቱ ብቻ ይበቃዋል፣ ምክንያቱም እጁ አንድ ፍሬ ሲጥል አፉ አንድ ቁጥር ይላል፣ ሁለቱ እኩል ያልቃሉ። የስድስት ዓመት ልጅ ዓይኑን ወደ ፊት መላክ ይጀምራል፦ ከዚህ ብነሳ የት አልቃለሁ? ሳይነካ በሐሳቡ ይቆጥራል። ከስምንት በላይ ያለው ደግሞ የጓደኛውን ጉድጓድ ይሰልላል፤ እሱ ከዚያ ቢነሳ የት ያልቅ ይሆን ይላል። አንድ መሬት ላይ የተቆፈረ ጨዋታ ለሦስት ዕድሜ ሦስት ትምህርት ሲሰጥ እኔ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ልጆቹም በዕድሜ ተለያይተው መቀመጥ አላስፈለጋቸውም።

ቅልብልቦሽ በአምስት ጠጠር ነው፤ አንዱን ወደ ላይ ወርውሮ ሌላውን ከመሬት አንስቶ የወረደውን መቅለብ። መጀመሪያ አንድ አንድ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት፣ ቀጥሎ ሦስትና አንድ፣ በመጨረሻ አራቱን በአንዴ። አራት በስንት መንገድ እንደሚከፈል ጣት ያውቀዋል። ሰኞ ማክሰኞ ቀናትን ያስተምራል፣ በአንድ እግር መቆምንም። እቃቃ ከወንዝ ዳር በመጣ ጥቁር ኮትቻ አፈር ይሠራል፤ ድስቱም ጀበናውም ሲኒውም ተጠፍጥፎ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። አፈሩ ውሃ ከበዛበት ይላላል፣ ካነሰው ይሰነጠቃል፣ ገለባ ሲጨመርበት ይጸናል። ወንዶቹ በሬ ያበጃሉ፤ ከሽመል ሞፈር፣ ከእንጨት ቁራጭ ቀንበር ይቀርጻሉ። ከተማ ውስጥ ደግሞ የሽቦ መኪናና የጨርቅ ኳስ ነበር።

ማታ የእንቆቅልሽ ጊዜ ነው። በአያቴ ቤት በአማርኛ እንቆቅልህ ይባላል፣ በአኮ ቤት በኦሮምኛ ሂቦ፤ ያልመለሰ በሁለቱም ቤት ዋጋ ይከፍላል። አኮ እንቆቅልሽና ኦዱ ዱሪ፣ ማለት የድሮውን ተረት፣ በቀን ማውራት ይከለክሉ ነበር፤ ከብት ይጠፋል ይላሉ። ቀን እጅ ይሠራል፣ ማታ አፍ። በክረምት ከአርሲ ብርድ የተነሳ ሰው ሁሉ ከእሳቱ አይለይም፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ የቋንቋ ትምህርት ዘመን ነበር ማለት እችላለሁ።

ይህ ኑሮ እንዴት ተለወጠ? በአርሲ ትልቁ ለውጥ የመጣው ከእርሻ ነው። የስዊድን መንግሥት የረዳው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ሲቋቋምና የቁሉምሳ ምርምር ጣቢያ ሲከፈት፣ የተሻሻለ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ ገባ። ምርት ጨመረ። ባለመሬቶች ትራክተርና ኮምባይነር ሲያስገቡ ግን ብዙ ጭሰኛ ተፈናቀለ፤ የግጦሹ መሬትም ስንዴ ሆነ። ግጦሽ ሲጠብ መንጋ ያንሳል፣ መንጋ ሲያንስ በረት በር ላይ የሚጠሩት ስሞች ያንሳሉ። ይህን ግንኙነት በትምህርት ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ አላገኘሁትም፤ በአኮ ደጅ ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. መሬት ለአራሹ ታወጀ። በ1971 ዓ.ም. ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ እየሰፋ ሄዶ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፣ ኦሮምኛውም በግዕዝ ፊደል ይጻፍ ነበር። ዩኔስኮም ሸልሞታል። አኮ የተማሩት ያን ጊዜ ነው። ማታ ከኩራዝ ሥር የልጅ ልጆቻቸውና እሳቸው አንድ ላይ ፊደል ሲቆጥሩ፣ ጣታቸው ጪቾ መስፋት የለመደ ስለነበር መስመሩን ከእኛ ይልቅ ቀጥ አድርገው ይጽፉ ነበር። ከዚያ በ1978 ዓ.ም. ገደማ የመንደር ምሥረታው አርሲን አዳረሰ፤ ተበታትኖ የነበረው ቤት በመስመር ተደረደረ፣ ልጆችም በአንድ ሰፈር ተሰበሰቡ።

መዋዕለ ሕፃናት በኢትዮጵያ የተጀመረው በባቡር ሐዲዱ ሥራ ለመጡ ፈረንሳውያን ልጆች በድሬዳዋ፣ እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ እንደሆነ ይጻፋል። ለብዙኃኑ የደረሰው ግን በቀበሌና በገበሬ ማኅበር በኩል በደርግ ጊዜ ነው። እኔም በአጭር ሥልጠና ወደዚያ ገባሁ። ክፍሉ ጠባብ፣ ልጆቹ ብዙ፣ ያለን መሣሪያ ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ። ስለዚህ ትምህርቱ በኅብረት መጮህ ሆነ። ሠልጥነን የመጣነው ስለ ጨዋታ ነበር፤ የሚደነቀው ግን ድምፁ እስከ ጎዳና የሚሰማ ክፍል ነበር። ወላጆችም ደስ ይላቸዋል። በዚህ መሐል የቤቱ ትምህርት ከቤት ወጣ፣ መዋዕለ ሕፃናቱ ደግሞ አልተቀበለውም። እናቶች «አሁንማ ይማራል» ብለው ሰፌዱን ከልጁ ወሰዱት። ለእኔ ዋናው ጉዳት ይህ ነው።

ለቴሌቪዥን ግን ምስጋና አለኝ። ባሌ ውስጥ የተወለዱት አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሣህሉ፣ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲያወሩ ኖረው በ2009 ዓ.ም. አርፈዋል፤ ቴሌቪዥን ያለው ጎረቤት ቤት የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይሰበሰብ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደግሞ እነ ብሩክታዊት ጥጋቡ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ብለው ቀጭኔዋን አሻንጉሊት አመጡልን፤ እሷን አይተው እጃቸውን በሳሙና መታጠብ የጀመሩ ልጆች ክፍሌ ውስጥ ነበሩ።

የትምህርት ቤቱ ሥርዓትም ተለውጦ ነበር። በ1984 ዓ.ም. ኦሮምኛ በቁቤ፣ ማለት በላቲን ፊደል፣ መጻፍ ጀመረ፤ የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲም ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ደነገገ። በ2002 ዓ.ም. ትምህርት፣ ጤናና ሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች ስለ ሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት አንድ የፖሊሲ ማዕቀፍ አወጡ። ከእሱ ጋር ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው ዜሮ ክፍል መጣ፤ ትልልቅ ተማሪዎች የሰፈራቸውን ሕፃናት በጨዋታ የሚያዘጋጁበት መርሐ ግብርም መጣ። ይህን ሁለተኛውን ከልቤ ወደድኩት። አምስተኛ ክፍል የምትማር ልጅ ከጎረቤት አራት ሕፃናት ሰብስባ የጠርሙስ ክዳን በቀለም ስታስለይ፣ ቅጠል በመጠን ስታስደረድር አየሁ። ታላቅ ታናሽን ማስተማሩ የአርሲ ሜዳ ያወቀው ነገር ነው፤ በግ ጠባቂው ጥጃ ጠባቂውን ያስተምረው ነበር።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ አሁን እናት አባት ሆነው ይደውሉልኝ ጀመር። «እትዬ፣ ምን ላድርገው? ቀኑን ሙሉ ስልክ ይዞ ነው» ይሉኛል። መልሴ አንድ ነበር፤ ጓዳ ግቡ። የሚፈልገው ሥራ ያለው እዚያ ነው። ምስር ይልቀም፤ ሽንኩርት በመጠን ይደርድር፤ ውሃ በጣሳና በኩባያ እየለካ ስንት ኩባያ አንድ ጣሳ እንደሚሞላ ይንገራችሁ፤ በስንዝሩ መደቡን ይለካ፣ ከዚያ አባቱ በስንዝሩ ይለካ፣ ለምን ቁጥሩ እንደተለያየ ይከራከሩ። ይህን የመጨረሻውን የሞከረች አንዲት እናት ልጇ ቤቱን ሁሉ ለክቶ፣ አያቱ ጋ ሄዶ የእሳቸውን ስንዝር ከራሱ ጋር እንዳመሳከረ ነገረችኝ። ልጁ አምስት ዓመቱ ነበር። የጋራ መለኪያ ለምን እንደሚያስፈልግ በራሱ ደረሰበት።

አሁን ከልጅ ልጄ ጋር የምሠራው ከዚህ የተለየ አይደለም። ጠዋት ላይ እጅ የሚፈልግ ነገር፦ ለቀማ፣ ጭቃ፣ ገበጣ፣ ዶሮዎቹን በመልካቸው መጥራት። ላም የለንም፤ ዶሮ ግን አለን፣ ሁሉም ስም ወጥቶላቸዋል። ፊደሉ የሚመጣው እጁ ከሠራ በኋላ ነው፣ ያውም በአመድ ጣባ ላይ። እናቱ የታተመ መልመጃ ብታመጣ አልቃወምም፤ ከጭቃው ቀጥሎ ይምጣ እንጂ። ስሙን በግዕዝ ፊደል ይጽፋል፤ በትምህርት ቤት ስለሚያስፈልገው በቁቤ መጻፍም ጀምሯል፤ ያው ስም በሁለት መልክ መጻፉ በጣም ያስደንቀዋል። ሰሞኑን ጎረቤታችን ያለው ልጅ ሉህ ይዞ ሲያልፍ አይቶ ሦስተኛውንም ጠየቀኝ። እኔ ዓረብኛ አላውቅም። ከልጁ እናት ጋር ተነጋግረናል፤ ቅዳሜ ከሰዓት መጥቶ ሊያሳየው ነው፣ የእኛው ደግሞ አቡጊዳውን ሊያሳየው።